የቦባ ፍሩማ ቀይ ጥልፍ

ስልኩ ሲጮህ የአለምወርቅ ገና ሳታነሳው ክፉ ነገር መምጣቱን አወቀች። ልጇ ፀገነት በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም።

«እማ፣ ቦባ ሞታለች» አለች ፀገነት። ድምፅዋ ታፍኗል። «ስፌት መኪናው ሥር ወድቃ አገኘኋት። ፖሊሶች መጥተዋል። ከቤት እንዳትወጪ ብለውኛል።»

የአለምወርቅ ጆሀንስበርግ፣ ፎርድስበርግ ገበያ ውስጥ ነጠላና በርበሬ በምትሸጥበት ድንኳን ቆማ ነበር። መጀመሪያ የታያት የሞተችው አሮጊት አልነበረችም፤ የልጇ ፔፐር ነው። የጥገኝነት ወረቀቷ ጊዜው ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ቀጥሎ እስር ቤት ታያት፣ ከዚያ ልጇን ጭኖ ወደ አገር ቤት የሚመልሳት አውሮፕላን። የአለምወርቅ እንዲህ ናት። ልጇ አሥር ደቂቃ ከዘገየች የተገለበጠ ታክሲ፣ ሃያ ደቂቃ ከዘገየች የሬሳ ክፍል ይታያታል።

ደግሞ «ቦባ» የሚለው ቃል ራሱ ይወጋታል። የጆሀንስበርግ አይሁዶች አያታቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። ፀገነት ኖርዉድ ሰፈር የሰማንያ ሰባት ዓመቷን ሚስስ ፍሩማን ማስታመም ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላት «ሚስስ» ቀርቶ «ቦባ» ሆነ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ቤት ስትመጣ ወሬዋ ሁሉ ቦባ እንዲህ አለች፣ ቦባ እንዲህ አስጠለፈችኝ ነው። የአለምወርቅ ልጇን ሥራ ያስገባቻት ሳይሆን ለሌላ እናት የሰጠቻት እየመሰላት በቅናት ትቃጠል ነበር።

ድንኳኗን ለጎረቤቷ አደራ ስትል ከመንገዱ ማዶ ጋሽ ለገሠ ሱቃቸውን ሲቆልፉ አየች። ጋሽ ለገሠ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ይሸጣሉ። ከዚያ በፊት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበሩ። ካፒቴን ሞኮኤና የምትባል የፖሊስ መኮንን ሐበሻ ያለበት ጉዳይ ሲያጋጥማት ለአስተርጓሚነት ትጠራቸዋለች፤ እየቆየች ግን ከትርጉማቸው ይልቅ ጥያቄያቸውን መፈለግ ጀምራለች።

«ለእኔም ተደውሏል» አሉ። «ግቢ መኪናው ውስጥ። መንገድ ላይ ግን አትናገሪ፤ አንቺ ስትናገሪ ይብስብሻል።»

ሚስስ ፍሩማ ከአሮጌው የእግር ስፌት መኪና ሥር ነጭ አንሶላ ለብሳ ተጋድማለች። በመኪናው ብረት እግር ላይ ደም ደርቋል። ፀገነት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እናቷን ስታይ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሳዉቦና፣ ባባ» አለች ካፒቴን ሞኮኤና፣ በዙሉኛ ሰላምታ። «አዳልጧት ወድቃ ብረቱ መታት ብዬ ልዘጋው ነው። በር አልተሰበረም። ልጅቷ የት እንደነበረች ብቻ ጠይቁልኝ።»

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዘመዷ ናዲን ስትመጣ ወጣሁ» አለች ፀገነት። «ፔፐር ለማሳደስ ሰልፍ ያዝኩ። መብራት ጠፋና ቀትር ላይ ሂዱ አሉን። ስመለስ እንዲህ ሆና አገኘኋት።»

«ሰልፍ ላይ ያየሽ ሰው አለ?»

«አራት መቶ ሰው ነበር፣ ጋሼ። አንዱንም አላውቅም።»

የአለምወርቅ ይህን ስትሰማ ሌላ ቃል ትዝ አላት። ባለፈው እሁድ ፀገነት ደክሟት እግሯን እያሸች «አንዳንድ ቀንስ ተኝታ ባትነሳ እላለሁ» ብላ ነበር። ያን ጊዜ የአለምወርቅ ደስ ብሏት ነበር፤ በመጨረሻ ልጇ በአሮጊቷ ላይ አንድ ክፉ ቃል ተናገረች። አሁን ያ ቃል መልሶ አስፈራት።

«ልጄ ከእኔ ጋር ነበረች» አለች። «ጠዋቱን ሙሉ ድንኳኔ ውስጥ።»

ጋሽ ለገሠ ወደ ካፒቴኗ አልዞሩም። «ይህን አልተረጎምኩትም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሱቄ ፊት ለፊትሽ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ብቻሽን ነበርሽ። ልጅሽም አሁን ሌላ ተናግራለች።»

የአለምወርቅ ግን አንዴ ጀምራዋለች። ወደ ካፒቴኗ ዞራ፣ ገበያ ላይ በለቀመችው እንግሊዝኛ «ማይ ዶተር፣ ዊዝ ሚ» አለች ደረቷን እየመታች።

ካፒቴኗ እናትየዋን አየች፤ ቀጥላ ልጅቷን። ከዚያ የዘጋችውን ማስታወሻ እንደገና ከፈተች።

በዚህ መሃል ናዲን ገባች። ናዲን የሚስስ ፍሩማ ባል የወንድም ልጅ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጫማዋ የሚያብረቀርቅ፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት። የፍሩማ የራሷ ዘመዶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አልቀዋል።

«ቆርቆሮው ይታይልኝ» አለች ወዲያው። «ከሁሉም በፊት ቆርቆሮው።»

መደርደሪያው ላይ ከነክዳኑ በቦታው የተቀመጠ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ካፒቴኗ በጓንት ከፈተችው። ውስጡ የሕፃን ልብስ ኮሌታ፣ ከካልሲ የተሰፋች አሻንጉሊት፣ የእንጨት ማንኪያና አንድ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አለ። ጨርቁ ሲዘረጋ ሁለት ቀይ ወፎች ፊት ለፊት ተያዩ። የሰንበት ዳቦ መሸፈኛ ነው። የፍሩማ እናት ካውናስ በምትባለው ከተማ፣ አይሁዶች በታጎሩበት ሰፈር ውስጥ፣ ከቀይ ሻርፕ በፈታችው ክር ጠልፋዋለች።

«ሁሉም አለ» አለች ናዲን ተንፍሳ።

በሁለቱ ወፎች መካከል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቡናማ ነጠብጣብ ነበረች። ጋሽ ለገሠ የዚፕ ጥርስ የሚያዩበትን ማጉያ መነፅር ከኪሳቸው አወጡ። ነጠብጣቧን አዩ፣ ጓንት አጥልቀው ጨርቁን ገለበጡ፣ ጀርባውን ወደ መስኮቱ ይዘው ብዙ ቆዩ። ለካፒቴኗ ብቻ አንድ ነገር በጆሮዋ ነገሯትና መልሰው አጠፉት።

«ናዲን፣ ዛሬ ጠዋት ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አሉ በእንግሊዝኛ።

«ፎቶ ላነሳ። አንድ ሙዚየም የእነዚህን ዕቃዎች ፎቶ ጠይቆኝ ነበር።» ስልኳን ሰጠቻቸው። በፎቶው ላይ ጨርቁ ንጹሕ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ይላል። ናዲን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መውጣቷን መኪና ብቻ የሚመዘግበው የመንገዱ ጥበቃ ጽፎታል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች።

«ካፒቴን» አሉ ጋሽ ለገሠ፣ «ይህ ተራ መውደቅ አይደለም። ሴትዮዋ ስትወድቅ ይህ ጨርቅ አጠገቧ ነበር፤ ደሟ ነክቶታል። ደም የነካው ጨርቅ ራሱን አጥፎ ቆርቆሮ ውስጥ አይገባም። ከወደቀች በኋላ በዚህ ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው አለ።» ከዚያ ወደ ፀገነት ዞሩ። «ሚስስ ፍሩማ በሩን ለማን ትከፍታለች?»

«ለማንም። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን እንኳ ውጭ ነው የምታቆመው። የምትከፍተው ለእኔ፣ ለናዲን፣ ለእማ...» ፀገነት አሰበች። «ለልብስ ሰፊዋ ለእትዬ ኤልሳቤትም።»

የአለምወርቅ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አራት ሰው። ሁለቱ እሷና ልጇ ናቸው።

ጋሽ ለገሠ የኮታቸውን አንድ ቁልፍ በጥርሳቸው ነቅለው ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ፀገነትን ከፊታቸው አስቀምጠው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጣሉት። የአለምወርቅ ከበሩ ሥር አልነቃነቅም አለች።

«እያወራን ስፊልኝ» አሉ።

ፀገነት ከቀሚሷ ኪስ መርፌና ክር አወጣች። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ወጋ ወጋ አድርጋ ጀመረች።

«ሳትቋጥሪ?»

«ቦባ አታስቋጥርም። እናቷ ያስተማረቻት እንደዚያ ነው። እዚያ የታጎሩበት ሰፈር ክር የለም። ኮሌታው የጠበበ ቀን ፈትተው በዚያው ክር ካልሲ ይሰፉበታል። የተቋጠረ ክር ሲፈታ ይበጠሳል፤ ስለዚህ አይቋጥሩም። በሰባት ዓመቷ እናቷ በድንች ጆንያ ውስጥ ደብቃ ለአንድ ገበሬ ሰጠቻት። ጨርቁን ደረቷ ላይ ጠምጥማላት ነበር። ከዚያ በኋላ እናቷን አላየቻትም።» ፀገነት ክሩን ቆረጠች። «ሰማንያ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ቋጥራ አታውቅም። እዚህ ክር ሞልቶ።»

«ጨርቁን ለማን ልትሰጥ ነበር?»

ፀገነት እናቷን ሰርቃ አየች። «ለእኔ። ወረቀት ጽፋለች። አይሆንም ብያት ነበር።»

የአለምወርቅ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ልጇ ደብቃታለች። በቅናትና በፍርሃት መካከል የትኛው እንደቀደማት እሷም አላወቀችም።

ቁልፉን ዳግም ነቅለው ለናዲን ሲሰጧት ፈገግ አለች። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክራ መለሰችላቸው። «ቁልፍ ሲነቀልብኝ ሸሚዙን ነው የምቀይረው» አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ሠላሳ ዓመት በየሳምንቱ አርብ እዚህ መጥቻለሁ። አንድ ቀን መርፌ አልሰጠችኝም። ይህቺ ልጅ በሁለት ዓመት... ፍሩማ ከሰው ጋር ተጣልታ ከሆነ ከእሷ ጋር ነው። ሌላ ማን ጋር ትጣላለች?»

ጋሽ ለገሠ ቁልፉን ለየአለምወርቅ አቀበሏት። እሷም ቋጥራ፣ በትልልቁ ወግታ፣ ጎትታ አሰረችው።

«እኔ ኮት ሰጠሁሽ፤ አንቺ የበርበሬ ከረጢት ሰፋሽ» አሉ።

«ይይዛል አይደል?»

«ይይዛል። ቁልፉን ብቻ ሳይሆን ኮቱንም ይዞታል።»

ፀገነት ጥግ ሆና ሳቋን ዋጠችው። በዚያ ቀን የአለምወርቅ ያገኘችው አንድ ደስታ እሱ ነበር።

በማግስቱ ወደ ኤልሳቤት ሄዱ። ኤልሳቤት ከገበያው ጀርባ የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋለች፤ የየአለምወርቅ የሃያ ዓመት ጓደኛ ናት። ፀገነትን ከሚስስ ፍሩማ ጋር ያገናኘቻትም እሷ ነች።

«ኤልሲዬ፣ ጋሽ ለገሠ ጥቂት ሊጠይቁሽ ነው» አለች የአለምወርቅ።

«ይጠይቁኝ። ሰምቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ኤልሳቤት በቆመ ሰው ልክ የተሠራ አሻንጉሊት ላይ ያለውን የሙሽራ ቀሚስ ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠቻቸው። «ማክሰኞ ጠዋት ከከተማው ውጭ ቶኮዛ ነበርኩ፣ ደንበኛ ፍለጋ። እዚያ ቤት ከሄድኩ ሦስት ወር አልፎኛል።»

ጋሽ ለገሠ ኮታቸውን አውልቀው የየአለምወርቅን ስፌት አሳዩዋት። ኤልሳቤት ሳታስፈቅድ ስፌቱን ተርትራ ጣለችው።

«ማን ነው ይህን የሰፋው?»

«እኔ ነኝ» አለች የአለምወርቅ።

«አንቺማ በርበሬሽን ሽጪ።» ኤልሳቤት ክር አስገባች፣ ጣቷን ምላሷ ላይ ነካ አድርጋ ጫፉን በአንድ እጇ ጠቅለል አድርጋ ቋጠረች፣ ዓይኗ ከጋሽ ለገሠ ፊት ሳይነሳ። ጣቶቿ ብቻቸውን ይሠሩ ነበር። «አንድ ዓመት ሙሉ ለመንኳት። ያንን ጥልፍ አስተምሪኝ አልኳት። በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ እጅ የለም፤ ደንበኞቼን ይጠይቁ። ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹አንቺ እጅሽ ሞልቷል፤ እኔ የማስተምረው ባዶ እጅ ነው› አለችኝ። ከዚያ ቁልፍ መትከል የማትችል ልጅ አመጣሁላትና እሷን አስተማረች።»

«ልጄን ነው የምትይው» አለች የአለምወርቅ።

«ልጅሽን ነው። ምን ልበል ታዲያ፣ ልዋሽ?» ኤልሳቤት ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ኮቱን መለሰች። ቁልፉ ከፋብሪካ እንደወጣ ተተክሏል። «ያን ጨርቅ ከሩቅ ነው የማውቀው። አንድ ቀን በእጄ አስይዛኝ አታውቅም።»

ወደ ቤት ሲያደርሷት መኪና ውስጥ የአለምወርቅ ወደ እሳቸው ዞረች። «ጋሽ ለገሠ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄን ይወስዷታል?»

«ካፒቴኗ እሁድ ልትወስዳት አስባለች። የበሩ ቁልፍ አላት፣ ጨርቁ የሚደርሰው ለእሷ ነው፣ የት እንደነበረች የሚያውቅ ሰው የለም። ከሁሉም በላይ እናቷ ዋሽታለች። ፖሊስ እንዲህ ነው የሚያስበው፤ እናት የምትዋሸው ልጇ ጥፋተኛ መሆኗን ስታውቅ ነው።» መሪውን አዞሩ። «ሐኪሙ ደግሞ ሌላ ነገር ተናግሯል። ሴትዮዋ ወዲያው አልሞተችም። አንድ ሰዓት ያህል ትተነፍስ ነበር። አምቡላንስ ቢጠራ ትተርፍ ነበር።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ» አለች የአለምወርቅ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚስስ ፍሩማ ሳሎን መስተዋቶች ሁሉ በጨርቅ ተሸፍነው ነበር፤ የአይሁድ ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው። ናዲን የሸሚዟ አንገት ተቀድዶ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ኤልሳቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ለመድረስ መጣች። ፀገነት መስኮቱ ጋ፣ የአለምወርቅ ከእሷ አጠገብ ቆመዋል። ካፒቴን ሞኮኤና በሩን ዘግታ ተደገፈችው።

ጋሽ ለገሠ የታጠፈውን ጨርቅ በላስቲክ ከረጢት እንደታሸገ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ነው የሚናገሩት።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ይህ ጨርቅ ንጹሕ ነበር፤ ፎቶው አለ። ቀትር ላይ ደም ነክቶት ታጥፎ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቷል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማታውቁት አለ። ጨርቁ ተቀዶ ተሰፍቷል።»

ናዲን ቀና አለች። «አልተቀደደም። አይቼዋለሁ።»

«ማንም አያየውም። እኔም ያየሁት ገልብጬ በመነፅር ነው። እንግዲህ ስሙኝ። ደሙ ጨርቁን አርሶታል፤ የተሰፋበት ክር ግን ነጭ ነው። ደሙ ከሥር፣ ክሩ ከላይ። ጨርቁ የተሰፋው ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው ሴትዮዋ እዚያ ወድቃ እያለ፣ ገና እየተነፈሰች፣ ተቀምጦ ጨርቅ ሰፋ።»

ፀገነት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሌባ ጨርቅ አይሰፋም። ለንብረት የመጣ ሰው አይሰፋም። ይህን ያደረገ ሰው ጨርቁን ከሴትዮዋ አብልጦ የሚወድ ነው። ፍሩማ ራሷ እንዳንል እጇ በእርጅና ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደግሞ ወድቃለች። ናዲን ክር ማስገባት አትችልም፤ በዚያም ላይ ቢሮዋ ነበረች። የአለምወርቅን ገበያ ላይ እኔው አይቻታለሁ፤ ስፌቷንም ኮቴ ያውቀዋል።» ማንም አልሳቀም። «ሁለት ሰው ቀረ።»

የአለምወርቅ የልጇን ክንድ ያዘች።

«ካፒቴኗ ፀገነት ናት ትላለች። እኔም ስፌቱን አይቼ ምን እንደምል ቸገረኝ። በሃያ ሁለት ዓመት የምርመራ ሥራ፣ በዘጠኝ ዓመት የክር ንግድ፣ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። ፍሩማ ተማሪዋን በደንብ አስተምራለች። እኔ በበኩሌ በዚህ ከተማ ከዚህች ልጅ የሚበልጥ ሰፊ የለም እላለሁ።»

ካፒቴን ሞኮኤና ከበሩ ተነስታ ወደ ፀገነት ሁለት እርምጃ ሄደች። የአለምወርቅ ከፊቷ ገባች። ጋሽ ለገሠን አየቻቸው፤ እሳቸው ግን ወደ እሷም ወደ ልጇም አላዩም። የሚያዩት ኤልሳቤትን ነበር።

ኤልሳቤት ነጠላዋን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«እንግዲህ ያየነውን እንመስክር ከተባለ» አሉ ጋሽ ለገሠ ቀስ ብለው፣ «አንቺም ኤልሳቤት ባለሙያ ነሽ። የዚህን ስፌት ክብር ለልጅቷ መስጠት አለብን።»

«ለእሷ?» አለች ኤልሳቤት። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ግን ተሰነጠቀ። «ይህቺ ልጅ? ትናንት መርፌ የያዘች? ወፎቹ መሃል ያለው ሳስቷል፣ ሰማንያ ዓመት የኖረ ጨርቅ ነው። በአግድም የተሰነጠቀን ነገር ፈትሉን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ካላነሱት ይኮማተራል። እሷ ብትሰፋው ወፎቹ ምንቃራቸው ይገጥም ነበር። ባለሙያ ነኝ ይላሉ፤ ይህን አያዩም?»

ጨርቁ ከረጢቱ ውስጥ እንደታጠፈ ነው።

«ወፎቹ መሃል መሆኑን እኔ አልተናገርኩም» አሉ ጋሽ ለገሠ። «በአግድም መሰንጠቁንም አልተናገርኩም። ከእኔና ከካፒቴኗ በቀር የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስት ወር እዚህ ቤት አልደረስኩም ብለሻል። ጨርቁንም በእጅሽ ይዘሽ አታውቂም።»

ኤልሳቤት ነጠላዋን ከጣቷ ለቀቀች።

ጋሽ ለገሠ ጓንት አጥልቀው ጨርቁን ከከረጢቱ አወጡ፣ ዘርግተው ገለበጡትና ማጉያውን ከላዩ አደረጉላት። «ደግሞ ይህን እዪ። በጨርቁ ጀርባ ላይ ስንት ሺህ ስፌት አለ። የፍሩማ እናት አንድም አልቋጠረችም። ፀገነትም አትቋጥርም፤ ማዕድ ቤት አይቻታለሁ። አንድ ቋጠሮ ብቻ አለ፣ እዚህ፣ ከአሸዋ የምታንስ። ኮቴ ላይ ከቋጠርሽው ጋር አንድ ናት።»

ኤልሳቤት በማጉያው ውስጥ ብዙ አየች።

«እጄ ነው» አለች በመጨረሻ። «አላወቅሁትም። እጄ ነው የቋጠረው።» ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ጀርባውን አይቼው ነበር። ንጹሕ ነው፣ ልክ እንደ ፊቱ። እንዴት እንደሆነ ግን አልገባኝም። ሞልቷል ያለችኝ ይህን ነው ለካ።»

«ማክሰኞ ምን ሆነ?» አሉ።

«ሁለቱን ወፎች ራሴ ጠልፌ ወሰድኩላት። አራት ወር የለፋሁበት ነው። ተቀበለችኝ፣ ገለበጠችው፣ ጀርባውን አየችና መለሰችልኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም። እንደ ሕፃን ልጅ ሥራ መለሰችልኝ።» እንባዋ አልመጣም። «እስቲ የአንቺን ጨርቅ ጀርባ ልየው አልኳት። አልሰጠችኝም። ያዝኩት። እሷም ያዘችው። ተቀደደ፤ እሷ ወደቀች።»

«ትተነፍስ ነበር?»

«ጨርቁ ተቀዶ ነበር» አለች ኤልሳቤት።

ጋሽ ለገሠ ጥያቄውን አልደገሙትም። ካፒቴኗም ትርጉም አልጠየቀችም። ኤልሳቤትን በክንዷ ይዛ አስነሳቻት። በሩ ጋ ሲደርሱ ኤልሳቤት ወደ የአለምወርቅ ዞረች። «አንቺ ታውቂዋለሽ» አለቻት። «አሮጊቷ አንቺንም ታቃጥልሽ ነበር።»

የአለምወርቅ ዓይኗን ሰበረች። እውነት ነበር።

መኪናው ከሄደ በኋላ እናትና ልጅ በረንዳ ላይ ቆሙ። የአለምወርቅ ልጇን ማቀፍ ፈልጋ እጇን ዘረጋች። ፀገነት አልተጠጋችም።

«እማ፣ ለምን ዋሸሽ?»

«ፈርቼ ነው፣ ልጄ። ፔፐርሽ...»

«ጋሽ ለገሠ ፖሊስ እንዴት እንደሚያስብ ለእኔም ነግረውኛል። እናት የምትዋሸው መቼ ነው?»

የአለምወርቅ ልጇን አየቻት። ዕድሜዋን ሙሉ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ ቀድማ አስባ ነበር። ይህን ጥያቄ ግን አላሰበችውም።

«እኔ ነኝ ብለሽ ነው?» አለች ፀገነት።

ሌላ ውሸት ምላሷ ላይ ነበር፣ የተዘጋጀ፣ ለስላሳ። የአለምወርቅ ዋጠችው። «አዎ» አለች። «አስቤ ነበር።»

ፀገነት ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ የጠረጠረችውን ነገር እንዳረጋገጠ ሰው። «ቦባ እንዲህ አታስብም ነበር» አለች። ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ቃሉ የአለምወርቅን እንደ ቀድሞው ወጋት፤ ግን በዚህ ጊዜ የምትከራከርበት አልነበራትም።

ጋሽ ለገሠ መኪናቸውን አስነስተው ይጠብቋታል። በመስኮቱ ስታይ ናዲን በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ፀገነት ሌላ በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ምንም ሳትናገር። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሰው ላይ ሲቀናኑ ኖረው አሁን ትከሻቸው ተነካክቷል።

የአለምወርቅ ጋሽ ለገሠን በእጇ «ይሂዱ» አለቻቸው። ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች። ሦስተኛ በርጩማ አልነበረም። ከልጇ እግር አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ፀገነት ዞር ብላ አላየቻትም። ግን አልተነሳችም።